የዲኤንኤ ምርመራ ጣሊያናዊ አያት ሲያመጣ፦ ከደሴ ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 34 ነው፤ የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ባለፈው ዓመት የአጎቴ (የአባቴ ወንድም) ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ሁለት የዲኤንኤ መመርመሪያ ይዞ መጣ። አንድ ማታ አብረን ተቀምጠን ምራቃችንን ብልቃጥ ውስጥ ሞላን፤ እሱ ይዞት ሄደ። ውጤቱ ሲላክልኝ ‹ኢትዮጵያዊ ይሁዲ 46 ከመቶ፣ ሶማሊያዊ 22 ከመቶ፣ ጣሊያን 23 ከመቶ፣ መካከለኛው ምሥራቅ 9 ከመቶ› ይላል። የአጎቴ ልጅ ላይ ጣሊያን የሚባል የለም። እኔና እሱ የምንጋራው 436 ሴንቲሞርጋን (ዘመዳሞች የሚጋሩት ዘረመል መለኪያ) ነው፤ ‹የአጎት ልጅ ወይም ግማሽ የአጎት ልጅ› ብሎ ጽፎታል። ጣሊያን አገር ያለ የማላውቀውን ሰውም በ212 ሴንቲሞርጋን ዘመድሽ ነው ብሎ አምጥቶልኛል። አባቴ በ1932 ኮምቦልቻ ነው የተወለደው፤ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ መልኩም ከወንድሞቹ ሁሉ ቀይ ነው። አያቴ እማማን (የአባቴን እናት) ያገባት ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው፤ ሲራራ ነጋዴ ነበር። ምርመራው ተሳስቶ ነው? አባቴ የአያቴ ልጅ አይደለም ማለት ነው? መታወቂያዬ ላይ ያለው የአያቴ ስምስ? የአያቴ ቤት ገና ለወራሾች አልተከፋፈለም፤ የአጎቴ ቤተሰብ ይህን ይዞ ቢነሳስ? ለአባቴ ልንገረው ወይስ እንደያዝኩት ልቅር?»

ምላሽ፦ ከአራቱ ቁጥሮች ሦስቱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊያቸው። ስለ አንቺ ቤት የሚነግሩሽ ነገር የለም ማለት ይቻላል። «ኢትዮጵያዊ ይሁዲ 46 ከመቶ» ሲል ከቅድመ አያቶችሽ ግማሽ ያህሉ ቤተ እስራኤል ነበሩ እያለ አይደለም። እነዚህ የቤት ውስጥ መመርመሪያዎች ከ3 ቢሊዮን ከሚበልጠው የዘረመል ፊደላችን የሚያነቡት ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 700 ሺህ የሚሆነውን ብቻ ነው። ያነበቡትን ይዘው መዝገባቸው ውስጥ ካሉ ማመሳከሪያ ሰዎች ጋር ያስተያዩታል፤ አንቺ ለየትኛው ቡድን እንደምትቀርቢ ይፈልጋሉ። መዝገቡ ውስጥ ወሎ የሚል ሳጥን የለም። ከደጋው ኢትዮጵያ ወገን እዚያ የተገኙት እስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ከሆኑ፣ ለእነሱ የተሰጠው ስም ለአንቺም ይሰጣል። ቤተ እስራኤላውያን በዘረመል ሲታዩ ከአማራው፣ ከትግሬው፣ ከአገው ጎረቤቶቻቸው እምብዛም አይለዩምና ምራቅሽ ወደዚያ ሳጥን ቢገባ የሚያስገርም አይደለም። «ሶማሊያዊ» የተባለውም እንዲሁ ነው። ሁለቱን ደምረሽ «የእኛው ሰው 68 ከመቶ» ብለሽ አንብቢው።

«መካከለኛው ምሥራቅ 9 ከመቶ»ም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ደሴ ላይ የየመን አረቦች ሱቅ ከፍተው፣ ልጅ ወልደው ኖረዋልና «አንዱ አረብ አያቴ ነበር ማለት ነው?» ብለሽ ብታስቢ አልፈርድብሽም። ግን የሰሜንና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሕዝብ በጠቅላላ ከቀይ ባሕር ማዶ ከመጡ ሰዎች ጋር የተቀላቀለው ዛሬ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ የዘረመል ጥናት ያንን መቀላቀል ወደ 3 ሺህ ዓመት ግድም ያደርሰዋል፤ የሴምና የኩሽ ቋንቋ ተናጋሪ በሆኑ ኢትዮጵያውያን ላይ ድርሻውን ከ40 እስከ 50 ከመቶ አድርሶ ገምቶታል። ያ የድሮ ድርሻ አንዱ ኩባንያ ጋ «ኢትዮጵያዊ» በሚለው ውስጥ ይዋጣል፤ ሌላው ጋ ተቆርጦ «መካከለኛው ምሥራቅ» ይባላል። ማረጋገጫው ቅርብሽ ነው፦ የአጎትሽ ልጅ ዝርዝር ላይ ይኸው ቁጥር በዚሁ መጠን ካለ የሁላችንም የጋራ ውርስ ነው፤ ልትፈልጊው የሚገባ አረብ የለም።

አሁን ወደ 23ቱ። ይህኛው እንደ ሌሎቹ አይታለፍም። የ3 ሺህ ዓመት መቀላቀል የአንዲት የደሴ ልጅ ሩብ ያህል ዘረመል በአንድ ጊዜ «ጣሊያን» ብሎ አያስነብብም፤ ቢያስነብብ ኖሮ የአጎትሽም ልጅ ላይ በታየ ነበር። ሰው ከእያንዳንዱ ወላጁ ግማሽ፣ ከእያንዳንዱ አያቱ በአማካይ 25 ከመቶ ይወርሳል። በአማካይ ያልኩት በምክንያት ነው፦ ዘረመል ከአባት ወደ ልጅ ሲያልፍ እንደ ካርታ ይበወዛል፤ ከአንዱ አያት 19፣ ከሌላው 31 ሊደርስሽ ይችላል። 23 ከአንድ አያት ጋር በሚገባ ይሄዳል። ከቅድመ አያት የሚደርሰው በአማካይ 12.5 ነውና ወደዚያ ለመውሰድ ቁጥሩ በዝቷል። «ጣሊያን» የሚለው ስም ግን ብቻውን አይታመንም። የደቡብ አውሮፓ ሕዝቦች ለእነዚህ መሣሪያዎች እርስ በርስ ይመሳሰሉባቸዋል፤ ደሴ ደግሞ ግሪክና አርመን ነጋዴዎችም የኖሩባት ከተማ ናት። ስሙን የሚያጠናክረው ጣሊያን አገር ያለው የ212ቱ ሰው ነው። ያ መጠን ብዙውን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ የአጎት ልጅ (የአጎት ልጆች ልጆች እርስ በርስ) ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ዝምድና ነው። የድንጋጤ ወሬ ሳይሆን ሥጋና ደም ያለው ዘመድ ነው።

ብልቃጡ ተቀያይሮስ እንደሆነ? ሁለት ሰው በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ማታ ምራቁን ሲሞላ የሚያስፈራው ይኸው ነው። እናንተ ጋ ግን መያዣ አለው፦ አንቺ ሴት ነሽ፣ እሱ ወንድ ነው። ላቦራቶሪው የተመዘገበውን ፆታ ከክሮሞዞሙ ጋር ያስተያያል፤ ብትቀያየሩ ኖሮ ውጤቱ ሳይወጣ ይያዝ ነበር። ስለዚህ በዚህ በኩል ተስፋ አታድርጊ።

436 ላይ ግን የሮጥሽ ይመስለኛል። ሙሉ የአጎት ልጆች በአማካይ ወደ 870 ሴንቲሞርጋን ይጋራሉ፤ ከ400 በታች ሲወርድ አይታይም ማለት ይቻላል። አያታቸው አንድ ብቻ የሆነ፣ ማለትም ግማሽ የአጎት ልጆች፣ አማካያቸው ወደ 450 ነው። የእናንተ 436 ከሁለተኛው ጋር ልክ ይገጥማል፤ ከመጀመሪያው ጋርም ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ሊሄድ ይችላል። ክፍተት ቢኖር እንኳ ቁጥሩ የት ላይ እንዳለ አይናገርም። አባትሽ ሌላ አባት ኖሮት ሊሆን ይችላል፤ አጎትሽም ሊሆን ይችላል፤ ሰንሰለቱ የተበጠሰው ከዚያ በታችም ሊሆን ይችላል። ጣሊያኑ አንቺ ላይ ተገኝቶ እሱ ላይ መታጣቱ ሚዛኑን ወደ አባትሽ ይገፋዋል እንጂ ነገሩን አይዘጋውም። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እናትሽን አንድም ቦታ አላነሳሽም። አባትሽ ቀይ ስለሆነ፣ በ1932 ኮምቦልቻ ስለተወለደ ብለሽ ፍርዱን ቀድመሽ ሰጠሽ። ወሎ ውስጥ ቀይ ሰው ለማየት ጣሊያን አያስፈልግም። ጣሊያኑ በእናትሽ በኩል የመጣ ከሆነስ? ያን ጊዜ 86 ዓመት የሞላውን አባትሽን በማያውቀው ነገር ልታቆስዪው ነው።

ማንንም ሳትጠይቂ፣ ስልክሽ ላይ ልታዪው የምትችዪው አንድ ነገር አለ። ሴት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አላት፤ አንዱን ከእናቷ፣ ሌላውን ከአባቷ ትወርሳለች። አባትሽ የሰጠሽ ኤክስ በሙሉ ከእማማ የመጣ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው ዋይ የሚባለውን የወንድ ክሮሞዞም ነውና። ስለዚህ የአባትሽ አባት ማንም ይሁን ማን፣ ከእሱ ወደ አንቺ የመጣ ኤክስ የለም። ኩባንያው ክሮሞዞሞችሽን በቀለም ቀብቶ የሚያሳይ ገጽ ካለው ግቢና የኤክሱን መስመር ተመልከቺ። የጣሊያኑ ቀለም እዚያ ላይ በረዥሙ ከታየ መንገዱ በአባትሽ አባት በኩል አይደለም፤ ወይ በእናትሽ ወይ በእማማ ወገን ነው። ካልታየ ግን ምንም አልተረጋገጠም፤ የእናት ወገን አያትም ኤክሱን ሳያወርስሽ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ወንድም ካለሽ ነው። አባትሽ የአባቱን ዋይ ክሮሞዞም እንዳለ ለወንድምሽ አስተላልፏል፤ ስለዚህ የወንድምሽ ዋይ የአባትሽ ወላጅ አባት ዋይ ነው። ምርመራው «አር1ቢ» በሚባለው የአባት ዘር ጎራ ውስጥ ካስቀመጠው፣ ያ ምዕራብ አውሮፓና ጣሊያን የሞላበት፣ በእኛ ደጋ ግን ለማግኘት የሚያስቸግር ነው፤ ጥያቄሽ ተመለሰ ማለት ነው። «ኢ» ወይም «ጄ» ከወጣ ሁለቱም እዚህም እዚያም ስላሉ ጠለቅ ያለ ንባብ ይፈልጋል፤ የአጎትሽ ልጅ ዋይ ከወንድምሽ ጋር ይመሳሰል እንደሆነም ማየት ያሻል። ይህ መንገድ የአባትሽን አፍ ሳይነካ መልስ ያመጣል። ወንድምሽ ግን ምን ሊያውቅ እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው፣ አስቦበት ሊስማማ ይገባል። «ዝም ብለህ ለጤና ነው» ብሎ ምራቅ መቀበል ማታለል ነው። የአባትሽን ሲኒ ወይም መፋቂያ በስውር መላክም እንዲሁ፤ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ስውር ምርመራ ላድርግ ለሚል ሰው ምክሬን አልሰጥም።

መንገዱ በእርግጥ ወደ አባትሽ የሚሄድ ከሆነ፣ ያንን ዘመን ሳታውቂ ስለ እማማ መፍረድ አትጀምሪ። ጣሊያን ደሴን በኅዳር 1928 በአውሮፕላን ደበደበ፤ በሚያዝያ ገባባት፤ እዚያው ደሴ ላይ እጁን የሰጠው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ነው። በእነዚያ አምስት ዓመታት ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ መገናኛ ነበረች፤ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ መካኒኩ፣ መንገድ ሠራተኛው፣ ወታደሩ ሁሉ በዚያ ያልፋል፣ ያድራል። ፒያሳ፣ ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን የምንላቸው ቃላት አፋችን ላይ የቀሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ክልስ ልጆችም ቀሩ። ሴቶቹ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ታሪክ አልነበራቸውም። በጉልበት የተደፈረች ነበረች፤ ልብስ አጣቢና ወጥ ሠሪ ሆና ገብታ እምቢ ማለት ያልቻለች ነበረች፤ ወዳ አብራ የኖረችም ነበረች። የትኛዋ እማማ እንደነበረች ከምራቅ አይነበብም። እኔም አልገምትልሽም፤ አንቺም አትገምቺ።

የጽሑፍ ማስረጃ ብትፈልጊ የማታገኚበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የፋሺስቱ መንግሥት በ1929 ባወጣው አዋጅ ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩን እስከ 5 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። በ1932 የወጣው ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን «የእኔ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። አባትሽ የተወለደው በዚያው ዓመት ነው። አባትየው ቢፈልግ እንኳ ስሙን የትም ማስፈር አይችልም ነበር፤ ባይፈልግ ደግሞ ሕጉ መደበቂያ ሆነው። ጣሊያን አገር ያለው የ212ቱ ሰው ቤተሰብ ስለዚህ ልጅ ሰምቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሰው መልእክት መጻፍ እስከ መጨረሻው ይቆይ። ስትጽፊም የአባትሽን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ ፎቶግራፉን አትላኪ።

የመታወቂያሽ ሦስተኛ ስም አይፋቅም። ያ ስም የተጻፈው የደም ምርመራ ተደርጎ አይደለም፤ አንድ ሲራራ ነጋዴ ከጉዞው ሲመለስ የሚስቱን የበኩር ልጅ ታቅፎ «ልጄ» ስላለው ነው። አወቀም አላወቀም፣ አሳደገው፣ በስሙ አስጠራው። ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በኋላም የ1992 የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሚሉት አንድ ነው፦ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው። ልጁን መካድ በመሠረቱ የባልየው መብት ነው፤ ያንንም ልደቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን አንስቶ በ180 ቀን ውስጥ ማድረግ ነበረበት። ቤተሰቡ እስላም ከሆነና ጉዳዩ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቢሄድም መነሻው «ልጅ የፍራሹ ነው» የሚል ነው፤ በጋብቻ የተወለደ ልጅ የባልየው ነው ማለት ነው። አያትሽ ከሰማኒያ ዓመት በፊት ያልካደውን ልጅ ዛሬ የወንድም ልጆች በምራቅ ብልቃጥ ሊክዱለት አይችሉም። የቤት ውስጥ ምርመራ ማን እንደተፋበት የሚያረጋግጥ ሰው ፊት ያልተወሰደ ስለሆነ ለፍርድ ቤት ማስረጃነትም አይበቃም። ሆኖም የአያትሽና የእማማ ጋብቻ ከአባትሽ ልደት በፊት መሆኑ የነገሩ ምሰሶ ነውና፣ ያንን የሚመሰክሩ አዛውንት በሕይወት ካሉ ስማቸውን ያዢ። ከዚያ አልፎ የውርሱን ጉዳይ የአማራ ክልልን የቤተሰብ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይየው፤ የእኔ ሙያ እዚህ ላይ ያበቃል።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ እንምጣ፤ ልንገረው ወይስ ልተወው? ለጥቂት ዓመታት እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ሳማክር ሁለት ቤት ከአእምሮዬ አልጠፋ ብሎኛል። አንደኛው ቤት በዓል ነበር። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሁሉም የየራሱን ከመቶ ሲያነብ፣ ሲስቅ፣ አባትየው ጋ ደረሰ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ስልኩን መሶቡ አጠገብ አስቀመጡትና እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ። ተመልሰው ማዕዱ ላይ አልተቀመጡም። ከዚያ ወዲህ በወንድሞቻቸው ፊት ስለ አባታቸው ሲያወሩ «አባታችን» ማለት ትተው «አባታችሁ» እንደሚሉ ልጃቸው አልቅሳ ነግራኛለች።

ሁለተኛው ቤት ኮምቦልቻ ነው። ልጅቷ ውጤቱን ሁለት ዓመት ደብቃ ይዛ፣ ከስታ፣ በመጨረሻ አባቷን ይዛ መጣች። እኔ ቃሉን እየፈለግኩ ሳለሁ እሳቸው ብርቱካን ይልጡ ነበር፤ ልጣጩን ሳይበጥሱ በአንድ ጥምዝ አወረዱት። ከዚያ ቀና ብለው «ስለ ጣሊያኑ ነው? እናቴ ልትሞት ሳምንት ሲቀራት ነግራኛለች። ልጆቼ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉ። ልጅቷ ለእሳቸው ስትፈራ፣ እሳቸው ለእሷ ሲፈሩ ኖረዋል። ብርቱካኑን ለሁለት ገምሰው ግማሹን ሰጧት።

ከእነዚህ ሁለት ቤቶች የተማርኩት ልዩነቱ ዜናው ላይ ሳይሆን በሩን ማን ከፈተው የሚለው ላይ እንደሆነ ነው። የ1932 የኮምቦልቻ ልጅ ሆኖ፣ ከወንድሞቹ ቀልቶ አድጎ፣ ከሰፈር ልጆች አፍ አንድም ነገር ሳይሰማ 86 ዓመት የሞላው ሰው ብዙ አይመስለኝም። አባትሽ ከአንቺ የበለጠ ሳያውቅ አይቀርም። ላያውቅም ይችላል፤ ስለዚህ መንገዱ ለሁለቱም የሚሆን መሆን አለበት።

ምክሬ ይህ ነው፤ ቅደም ተከተሉን አትቀይሪው። መጀመሪያ የኤክሱን መስመር እዪ። ቀጥሎ ከእናትሽ ወገን የሆነ የአክስት ወይም የአጎት ልጅ የተመረመረ እንዳለ አጣሪ፤ እሱ ላይ ጣሊያን ካለ አባትሽ ከነገሩ ወጣ። ከዚያ የወንድምሽ ፈቃድ ካለ ዋዩን። እነዚህ ሁሉ ወደ አባትሽ ካመለከቱ ብቻ፣ ወንድሞቹም ልጆቻቸውም በሌሉበት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ስልክሽ ሌላ ክፍል ሆኖ፣ ስለዚያ ዘመን ጠይቂው። «አባባ፣ ጣሊያን ኮምቦልቻ ሳለ እማማ እንዴት ነበር የምትኖረው? ምን ነግራሃለች?» በዪው። ከአቦል እስከ በረካ ጊዜ አለሽ፤ አትቸኩዪ። እሱ ራሱ ከከፈተው አዳምጪ። ካልከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ «የአጎቴ ልጅ ያመጣው ምርመራ ስለ ድሮ ቤተሰባችን አንድ ነገር አሳይቶኛል፤ ማወቅ ትፈልጋለህ ወይስ ይቅር?» በዪው። «ይቅር» ካለ ይቀራል። ዳግመኛ አታንሺው፤ በእሱ የሕይወት ዘመንም ለሌላ አትንገሪው። የተወለደው እሱ ነው፤ ማወቅም አለማወቅም የእሱ ድርሻ ነው። የልብ ሕመም ካለበት ወይም ማስታወሱ እየደከመ ከሆነ እስከዚህም አትሂጂ፤ የእማማን ታሪክ ጠይቀሽ የነገረሽን ይዘሽ ብቻ ተነሺ።

ምስጢሩ ኮምፒውተር ውስጥ መኖሩንም አትርሺ። ከእነዚህ ኩባንያዎች ትልቁ ከሚባሉት አንዱ፣ ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የ6.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹ መረጃ ተዘርፎበታል፤ በ2025 ደግሞ ኪሳራ አውጆ ለሌላ ባለቤት ተላልፏል። የይለፍ ቃልሽን ሌላ ቦታ ከምትጠቀሚበት የተለየ አድርጊ። ዘመድ ፈላጊ ለሆነው ሁሉ መታየትሽን የሚቆጣጠር ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ነገሩ እስኪጠራ ዝጊው። ውጤትሽን ወደ ሌላ ድረ ገጽ ጭነሽ ተጨማሪ ዘመድ ፍለጋ አትግቢ። ሁሉ ሲያልቅ ናሙናውም መረጃውም እንዲጠፋ በጽሑፍ መጠየቅ ትችያለሽ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ዛሬውኑ፣ የአጎትሽን ልጅ በስልክ አግኚው። አንቺ ያየሽውን 436 እሱም በራሱ ገጽ ላይ ያየዋል፤ ጣሊያን የሚለው አንቺ ላይ መኖሩንም ያውቅ ይሆናል። በቅን ልብ «ታውቃላችሁ?» ብሎ የቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ላይ ከለጠፈው አባትሽ ምርጫ የሚባል ነገር አይኖረውም። በጽሑፍ አትላኪለት፤ ጽሑፍ ይተላለፋል። ደውዪና በድምፅ አስረጂው፦ ቁጥሩ ገና አልተረጋገጠም፣ በየትኛው ወገን እንደሆነ አልታወቀም፣ የሚመለከተው ሰው በሕይወት አለ፣ አባቱን ጨምሮ ለማንም እንዳይናገር። እሱም የእማማ የልጅ ልጅ ነው፤ ይህን ከነገርሽው ይሰማሻል ብዬ አምናለሁ።